ና ማለት ምን ማለት ነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ፊደል ነው። በፊደል ገበታ ላይ የ«ነ» ራብዕ ናት፤ «ና»። ብቻዋን ቆማ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትሆናለች። ልጅ ይጠራባታል፣ እንግዳ ይጋበዝባታል፣ ጠብም ይጫርባታል። «ና፣ ቡና ጠጣ» ሲባል ፍቅር ነው፤ «ወንድ ከሆንክ ና!» ሲባል ዱላ ተነሥቷል። ለሴት ነይ፣ ለብዙ ሰው ኑ፣ ለትልቅ ሰው ይምጡ እንላለን። ከሌላ ቃል ጫፍ ስትጣበቅ ደግሞ ሥራዋ ሌላ ነው። «ሰማይና ምድር» ስንል ታጣምራለች፤ «ዝናቡ ጥሏልና እንዝራ» ስንል ምክንያት ታቀርባለች።

ይህ ሁሉ በአማርኛ ብቻ ነው። አሁን ከዚህ ከወሎዋ ሲሪንቃ ትንሽ እንራቅ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ወገናችን «ና» ሲል «እኔን» ማለቱ ነው፤ «ና ጋርጋሪ» ካለ «እርዳኝ» ብሏል። በትግርኛ በቃል ጫፍ ስትገባ «የእኛ» ትሆናለች፤ «ቤትና» ቤታችን ነው፣ «ሃገርና» አገራችን ነው። በሶማልኛ «እኛን» ናት፤ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ስታያይዝም ትገኛለች። በስዋሂሊ «ቻይ ና ምካቴ» ቢሏችሁ ሻይና ዳቦ እየጋበዟችሁ ነው።

ባሕሩን ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። በፋርስኛና በሂንዲ «ና» እምቢታ ነው፤ እናንተ «ና» ብላችሁ ስትጠሩት ፋርሱ «አይሆንም» ያላችሁት ይመስለዋል። በሩሲያኛ «ላይ» ማለት ነው፤ ሩሲያዊ እጁን ዘርግቶ «ና!» ካለ ግን «እንካ!» ማለቱ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሄዱ ወገኖቻችን ሲጠሩ የመሰላቸው ሲሰጣቸው ሊሆን ይችላል። በኮሪያኛ «እኔ» ናት። በጃፓንኛ ከግሥ በኋላ ስትመጣ «አታድርግ» ብላ ትከለክላለች። በሃዋይ ደሴቶች ቋንቋ ከስም ፊት ቆማ ስሙ ብዙ መሆኑን ታመለክታለች። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚወስደውን የባቡር መስመር ሊሠሩ የመጡት ቻይናውያን ደግሞ በድምፃቸው ከፍታና ዝቅታ እየለዩ ከዚህችው ድምፅ «ያ»፣ «የትኛው» እና «ያዘ» የሚሉ የተለያዩ ቃላት ያወጣሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንዲት ድምፅ በዚህ ሁሉ አገር መገኘቷ ምን ይነግረናል? ሕዝቦቹ ዘመዳሞች ናቸው? አንዱ ከአንዱ ወሰደ? ወይስ እንዲያው ተገጣጠመ? የዛሬው ንግግሬ መልእክት በአጭሩ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ምስክር አይሆንም የሚል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ብናይ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዝናብ ያስጠለላቸው መንገደኞችም ሊሆኑ ይችላሉ። ቃላትም እንዲሁ በሦስት መንገድ ይመሳሰላሉ፤ በዝምድና፣ በጉርብትና፣ በአጋጣሚ።

ከአጋጣሚው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያታልለን እሱ ነውና። የስዊስ ተወላጁ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር፣ ከሞተ በኋላ በ1916 እ.ኤ.አ. በታተመው ትምህርቱ፣ በአንድ ቃል ድምፅና በትርጉሙ መካከል የተፈጥሮ ማሰሪያ የለም ብሏል። ነገሩን ለማየት ስዊስ መሄድ አያስፈልገንም። እኛ ውሃ የምንለውን ኦሮሞው ቢሻን፣ ትግርኛ ተናጋሪው ማይ፣ አፋሩ ሌ ይለዋል። ጥማቱ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ስምምነት ነው። ድምፁ ስምምነት ከሆነ አንዱ ሕዝብ «ና»ን ለመጥሪያ፣ ሌላው ለመከልከያ ቢስማማባት የሚያግደው የለም።

የድምፅ ቁጥርም ውስን ነው። ሃያ ተነባቢና አምስት አናባቢ ያለው ቋንቋ፣ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ እያጣመረ ሊሠራ የሚችለው መቶ ቅንጣት ብቻ ነው። የሃዋይ ቋንቋማ ያለው ስምንት ተነባቢ ነው። በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ፤ በአገራችን ብቻ ከ80 ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ቋንቋ በዚያች ጥቂት ድምፅ ሲጠቀም መገጣጠም አይቀርም። በዚያ ላይ «ን» እና «አ» በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ ከተለመዱት ድምፆች መካከል ናቸው። ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ሰው አዘውትሮ የሚጠራው ቃል አጭር ይሆናል። «እኔ»፣ «የእኛ»፣ «እና»፣ «አይ»፣ «ላይ»፣ «ና» ያለ እነሱ ቀን የማይመሽ ቃላት ናቸው። በየአገሩ አጥረው አጥረው አንዲት ቅንጣት ላይ ሲደርሱ መጋጨታቸው ምን ይገርማል?

እንግዲህ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ኦሮምኛ ተናጋሪ ወታደር፣ ኮሪያዊው «ና» ሲል ራሱን መጥራቱ መሆኑን ቢሰማ ኖሮ «ይህ ሕዝብ ዘመዴ ነው» ሊል ይችል ነበር። በኮሪያኛ «እኔ»፣ በኦሮምኛ «እኔን» መሆኑ እውነት ነው። ድምፁም ትርጉሙም ገጠመ። ሆኖም ከዚያ አልፎ ሌላ ሃያ ቃል ቢፈልግ የሚደጋገም ነገር አያገኝም። ይህ ዝናብ ያስጠለላቸው መንገደኞች መገናኘት ነው።

ሕፃናት የሚፈጥሯቸው ቃላትም እንዲሁ ያሳስታሉ። ሮማን ያኮብሰን የተባለው ሊቅ በ1960 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ «ማማ» እና «ፓፓ» በዓለም ዙሪያ ለምን እንደሚመሳሰሉ አስረድቷል። ሕፃን መጀመሪያ የሚቀናው ከንፈሩን ገጥሞ መክፈት ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጡት ወላጆቹ ናቸው። የጆርጂያ ሰዎች ታዲያ «ማማ» የሚሉት አባትን ነው፤ እናትን «ዴዳ» ይሏታል።

አሁን ወደ እውነተኛው ዝምድና እንሂድ። የእኛ «ና» በግዕዝ «ነዓ» ነበረች፤ በትግርኛ ዛሬም «ንዓ» ናት። በ«ዓ» ውስጥ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ አማርኛ ጣለው። ይህን በምን አወቅን? በአንድ ቃል ብቻ ስላላደረገው ነው። ግዕዝ «ሰምዐ» ያለውን አማርኛ «ሰማ» አለ፤ «በልዐ» ያለውን «በላ» አለ። ትግርኛው ግን ሰምዐ፣ በልዐ እያለ ጉሮሮውን ጠብቆ አለ። ልዩነቱ እንደ ደንብ ይደጋገማል፤ ዝምድና የሚመሰከረው በዚህ ነው። መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም፤ ልዩነቱ ሥርዓት ሲኖረው ነው ወንድማማችነቱ የሚታወቀው።

የትግርኛው «ቤትና» ደግሞ ከሌላ ሐረግ የወጣ ነው። ግዕዙ «ቤትነ» ይላል። «አቡነ ዘበሰማያት» ውስጥ ያለችው «ነ» እሷ ናት፤ ጳጳሳቱን «አቡነ» ስንል «አባታችን» ማለታችን ነው። ዐረብኛውም «ና» ይላል። የወሎ ሙስሊም እጁን ዘርግቶ «ያ ረበና» ሲል «ጌታችን ሆይ» እያለ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ና» የግዕዟ «ነ» እህት ናት። በሌላ በኩል ክርስቲያኑ ዘንባባ በራሱ ላይ አስሮ «ሆሣዕና» ሲል በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» ማለቱ ነው፤ እዚያ ያለችው «ና» የልመና ቃል ናት። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከጸሎታቸው ሲመለሱ በአማርኛ «ና፣ ቡና ጠጣ» ይባባላሉ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ቀን፣ አንዲት ድምፅ የእኛነትን፣ ልመናንና ግብዣን ተሸከመች። ሦስቱ ግን ሦስት ቃላት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው መንገድ ጉርብትና ነው። ለዚህ «አብሽር»ን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ወሎ ውስጥ የታመመ ሲጠየቅ፣ ያዘነ ሲጽናና፣ የተጨነቀ ሲበረታታ «አብሽር» ይባላል፤ «አይዞህ፣ ያልፋል» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ ሥረ ትርጉሙ «የምሥራች ስማ፣ ደስ ይበልህ» ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከደስታ ቤት ወደ ሐዘን ቤት ተሻገረ፤ ደስ ይበልህ የሚለው ቃል ለከፋው ሰው ማጽናኛ ሆነ። አገባቡም አልከበደውም። ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ እንላለን፤ ዐረቡም እንዲሁ ይላል። የሁለቱ ቋንቋዎች የትእዛዝ አነጋገር ከጥንት አንድ ዓይነት ስለነበር እንግዳው ቃል ቤተኛ ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም።

ይኸው ቃል ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ሌላ ሰው ነው። ከሐብሩ፣ ከጉባ ላፍቶና ከራያ ቆቦ ስንቱ ወጣት ወደዚያ እንደሄደ ለእናንተ አልነግርም። እዚያ አንድ ነገር ለምናችሁ ሰውየው «አብሽር» ካላችሁ እያጽናናችሁ አይደለም፤ «እሺ፣ በደስታ አደርገዋለሁ» ማለቱ ነው። የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለመኖሪያ ፈቃድና ለመሳሰሉት ጉዳዮች የሚገለገልበትን የኢንተርኔት አገልግሎትም «አብሽር» ብሎ ሰይሞታል። የሐብሩ እናት ለምትናፍቀው ልጇ በስልክ «አብሽር» ስትለው፣ ልጁ በዚያው ስልክ «አብሽር»ን ከፍቶ የመኖሪያ ፈቃዱን ያያል። ቃሉ አንድ፣ ጉዳዩ ሁለት ነው።

በእርሻው ዓለም ደግሞ «አብሽር» የማሽላ ስም ነው። አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላን ሥር እየጠባ ገበሬውን ሲያስለቅስ ለኖረበት አገር፣ አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተብለው ከወጡት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ይባላሉ። ጎብዬ የምትባል ከተማ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ አለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ ማሳው ውስጥ ለገባበት ገበሬ አብሽር የሚባል ዘር መስጠት፣ ለወሎ ጆሮ ከስምም በላይ ነው።

የዚህ ቃል ነገር ገና አላለቀም። ዐረብኛው «ቡሽራ» የሚለውን ግዕዝ «ብሥራት» ይለዋል። ዐረብ በ«ሽ» የሚጠራውን ግዕዝ በንጉሡ «ሠ» ሲጽፈው የምናየው እዚህ ብቻ አይደለም፤ ዐረቡ ዐሽር የሚለው ቁጥር በግዕዝ ዐሠርቱ ነው፤ ሻዕር የሚለው ጠጉር በግዕዝ ሥዕርት ነው። ስለዚህ ብሥራት ከጥንት የኛው የሥጋ ዘመድ ነበረ፤ አብሽር ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ ኋላ በእስልምናና በንግድ መንገድ በእንግድነት መጣ። ዝምድናና ጉርብትና በአንድ ማዕድ ተገናኙ። የገብርኤልን ብሥራት የሚያከብረው ሰው ጎረቤቱን «አብሽር» ሲል ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት እየተናገረ ነው።

ጉርብትና በቦታ ስሞቻችንም አለ። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ እንላለን። «ወራ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ይህን ለማመን ድምፁ ብቻ አይደለም የሚያግዘን። በጎንደር ራስ ሆነው አገር ያስተዳደሩት የየጁ መሳፍንት ወረሼህ ይባሉ እንደነበር፣ የመጨረሻው ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሳ እንደተሸነፉ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ድምፁን ትርጉሙ ደገፈው፤ ትርጉሙን ታሪኩ ደገፈው።

ከዚህ ጋር የመርሳን ስም አስተያዩልኝ። በዐረብኛ «መርሳ» የመርከብ ማቆሚያ፣ ወደብ ነው። በግብፅ መርሳ መጥሩሕ አለች፤ በአልጄሪያ መርስ አልከቢር፣ በማልታ ማርሳሽሎክ አሉ፤ ሁሉም ባሕር ዳር ናቸው። የእኛዋ መርሳ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ ከእሷ እስከ ቀይ ባሕር የአፋር በረሓ ተዘርግቷል። አንዱ ተነሥቶ «የነጋዴ ወደብ ነበረች» ሊል ይችላል። ሌላው «የመጣ ሰው አገሩን የሚረሳባት ስለሆነች ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም ወግ ያሳምራሉ። ሁለቱም ግን ከድምፅ ሌላ ምስክር አልቆጠሩም። ወረሼህን የተቀበልንበት ሚዛን እነዚህን አይቀበልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ጨዋታ ብዬ አይደለም። በአገራችን የቦታን ስም ከራስ ቋንቋ ጋር እያመሳሰሉ «ይህ መሬት የእኛ ነው፣ ስሙ ይመሰክራል» ማለት ተለምዷል። ስም ቢመሳሰል ርስት አይሆንም። ባይመሳሰልም ባለቤትነት አይቀርም። በቃል አፈታት የተጀመረ ክርክር በጠብ ሲያልቅ አይተናል። ስለዚህ ማንም «ይህ ቃል የእኛ ነው» ቢላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ትርጉሙስ ይገጥማል? ልዩነቱ በሌሎች ቃላትም ላይ እንደ ደንብ ይደጋገማል? ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንዳመጣው የሚያሳይ ጽሑፍ ወይም የታወቀ ታሪክ አለ? ለሦስቱም መልስ ከሌለው ጨዋታውን አመስግናችሁ ስሙት፤ ፍርድ ግን አትስጡበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤታሞች በእርግጥ የሚጋሩት ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳይሆን የአነጋገር ልማድ ነው። «መጣ» ብለን «ና» ማለታችንን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የሁለቱ ሥረ ቃል አይገናኝም። ስንከለክል ደግሞ «አትምጣ» እንላለን እንጂ «አትና» አንልም። ትግርኛው «መጸ» ብሎ «ንዓ» ይላል። ኦሮምኛው «ዹፌ» ብሎ ሲጠራ «ኮቱ» ይላል። ሶማሊው «ይሚድ» ብሎ ሲጠራ «ካላይ» ይላል። አማርኛና ትግርኛ በዝምድና ይገጥማሉ፤ የሌሎቹ ድምፅ ለየብቻ ነው፤ ልማዱ ግን የሁሉም አንድ ነው። እኛ «ዝም አለ» ስንል ኦሮሞው «ጨል ጄዼ» ይላል፤ ትግርኛ ተናጋሪው «ስቕ በለ» ይላል፤ ሦስቱም ዝምታን «አለ» በሚል ግሥ ይናገራሉ። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ ዝምድናቸው የተራራቀ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አብረው በመኖር ብዛት ባሕርይ እንደተወራረሱ፣ ኢትዮጵያም አንድ የቋንቋ ቀጠና እንደሆነች ጽፏል። አብሮ የመኖራችን ጽኑ ማስረጃ ያለው እዚህ ነው፤ ተመሳሳይ ቃል እያደንን ከምንከራከርበት ቦታ ሳይሆን ሳናስተውለው ከምንናገርበት ልማድ ውስጥ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። ተማሪዎች ሆይ፤ ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ የሚያውቋቸው ብዙ ቃላት መዝገብ ላይ አልሰፈሩም። የየወንዙንና የየጉብታውን ስም፣ የአረሙን ዓይነት፣ ዘንጋዳ፣ ጥንቅሽ፣ ደጋሊት፣ ጂጉርቴ እያሉ ማሽላን የሚለዩበትን ስም ጠይቁ። ማን እንደነገራችሁ፣ የት ቀበሌ፣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጻፉ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳልና ድምፁንም ቅዱ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ቆይ፣ አልደረሰም» የሚለው አይለይም። የኦሮምኛውንም እጥረትና ርዝመት አይነግረንም፤ «ለፋ» መሬት ነው፣ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ የተናጋሪው ድምፅ ያስፈልጋል።

መምህራን፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ አድርጉት። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች፤ የማሽላውን ዘር ከገበሬው ስትሰበስቡ ገበሬው የሰጠውን ስምና ስሙን ያወጣበትን ምክንያት አብራችሁ መዝግቡ። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ትምህርት የምትከታተሉም ጥናታችሁን ለመጀመር ሩቅ አገር አትሂዱ፤ ከሲሪንቃ ገበያ ጀምሩ። ከአፋር ቆላ የወጣውና ከደጋ የወረደው ሰው በአማርኛ ሲገበያይ ቆማችሁ አድምጡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቃል ይዞ ነው የመጣው።

ቃላት የማንም ርስት አይደሉም፤ የተናገራቸው ሁሉ ናቸው። ዘመዱን ከጎረቤቱ፣ ጎረቤቱን ከመንገደኛው ለይተን እንወቅ፤ ለሦስቱም ግን ቤታችን ክፍት ይሁን። ሥራውን ዛሬ ጀምሩ፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል።